የቋጠሮ ስሞች በአማርኛ፦ ስለ አንድ ረቂቅ የሙያ ቃላት ዝርዝር ሂሳዊ አስተያየት

1. መነሻ

ገደል መውጣትንና የተራራ ጉዞን ለሚማሩ ወጣቶች እንዲያገለግል ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ ረቂቅ የሙያ ቃላት ዝርዝር ለአስተያየት ቀርቦልናል። ረቂቁ ስለ ገመድ ዓይነቶች፣ ስለ ቋጠሮ አሠራርና በገመድ ስለ መውጣትና መውረድ የሚነገሩ ቃላትን ከነፍቺአቸው ይዟል። ገደል መውጣት እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል፤ ስለዚህ የሙያው ቃላት በጋዜጣም፣ በራዲዮም፣ በማሠልጠኛም እየተፈለጉ መሄዳቸው አይቀርም። አዘጋጆቹ ይህን ቀድመው በማሰባቸው፣ እንዲሁም የባዕዱን ቃል እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ አማርኛ ለመፈለግ በመድከማቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

ምስጋናው ግን ሂስን አያስቀርም። በሥነ ጽሑፍ ትርጉም አንድ ቃል ቢሳሳት የሚጎዳው የአንባቢው ስሜት ነው። በዚህ ሙያ ግን ተማሪው ገደል ጥግ ቆሞ፣ ገመድ በእጁ ይዞ፣ የሚያስታውሰው ከመምህሩ የሰማውን ቃል ነው። ቃሉ ከተሳሳተ ቋጠሮው ይሳሳታል፤ ቋጠሮው ከተሳሳተ የሚጠፋው ነፍስ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ከወትሮው ጠንከር ባለ ዓይን ማየት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

2. ስሙን መተርጎም ወይስ ሥራውን?

የረቂቁ ዋና ድክመት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታያል። ገመድን ከምሰሶ ወይም ከካራቢነር ጋር ለማሰር የሚያገለግለውን፣ በእንግሊዝኛ ክሎቭ ሂች የሚባለውን፣ ረቂቁ «የቅርንፉድ ቋጠሮ» ብሎታል። በእርግጥ ክሎቭ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቅርንፉድንም ይሰይማል። ነገር ግን በዚህ ስም ውስጥ ያለው ክሎቭ «ሰነጠቀ፣ ለሁለት ከፈለ» ከሚል ሌላ ግሥ የተገኘ ነው፤ ቋጠሮው ለሁለት የተከፈለ ስለሚመስል የተሰጠው ስም ነው። ተርጓሚው በድምፅ አንድ፣ በምንጭ ግን የተለያዩ ሁለት ቃላትን አምታቷል።

ስሕተቱ የአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን በቸልታ ባለፍነው ነበር። ቦውላይን «የቀስት ገመድ» ተብሏል። ስሙ የመጣው ግን ከቀስት ሳይሆን ከመርከብ የፊት አፍ ነው፤ የሸራውን ጠርዝ ወደ ፊት ስቦ የሚይዘው ገመድ በመርከበኞች ዘንድ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ሺት ቤንድ «የአንሶላ ጉብጠት» ሆኗል። በመርከብ ቋንቋ ሺት ማለት የሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ ነው፤ ቤንድም በዚህ አገባቡ መጉበጥ ሳይሆን ሁለት ገመድ መቀጠል ነው። ሪፍ ኖት ደግሞ «የባሕር ቋጥኝ ቋጠሮ» ተብሏል፤ ሪፉ ግን ነፋስ ሲበረታ የሚታጠፈው የሸራ ክፍል እንጂ የባሕር ቋጥኝ አይደለም።

የእነዚህ ስሕተቶች ምንጭ አንድ ነው። ተርጓሚው ስሙን በሁለት ሰንጥቆ እያንዳንዱን ክፍል በመዝገበ ቃላት ፈልጓል። ምንጩን በትክክል ቢያገኝ እንኳ አይጠቅመውም ነበር። «የመርከብ አፍ ገመድ» የሚል ትርጉም ባሕር ላላየ የደጋ ወጣት ከ«ቀስት ገመድ» የተሻለ ነገር አይነግረውም። እንግሊዛዊው ራሱ ቦውላይን ሲል መርከብ አያስብም፤ ስሙ ለእሱ የደረቀ ቅሪት ነው። ቅሪትን በቅሪት መተካት ትርጉም አይባልም።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነን አሜሪካዊው ሠዓሊና መርከበኛ ክሊፈርድ አሽሊ እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው የቋጠሮ መጽሐፍ ነው። አሽሊ አሥራ አንድ ዓመት ደክሞበት ከ3,800 በላይ ቋጠሮዎችን ከ7,000 በሚጠጉ ሥዕሎች አስደግፎ አቅርቧል። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ግን ከብዛቱ ሳይሆን ከአቀራረቡ ነው። አሽሊ ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ቁጥር ሰጥቷል፤ ቦውላይን ለምሳሌ 1010 ነው። አንዱ ቋጠሮ በየወደቡና በየሙያው ብዙ ስም እንዳለው፣ አንዱም ስም ብዙ ቋጠሮ እንደሚጠራ ያውቅ ስለነበር መለያውን በስሙ ላይ ብቻ አልጣለም። አከፋፈሉም በአብዛኛው በሥራ ነው፤ ይህ ለምን ይውላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኝበት ነው።

የስሞች መብዛት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሌላ ምሳሌ እንጨምር። አንዱ ወጣጭ ሌላውን በገመድ ይዞ ለማቆየት የሚጠቀምበት አንድ ቋጠሮ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በ1970ዎቹ ባስተዋወቀው በስዊሱ ተራራ ወጪ በቬርነር ሙንተር ስም ይጠሩታል። ከእነርሱ መካከል «የጣልያን ማሰሪያ» የሚሉትም አሉ። ጀርመኖች አሠራሩን አይተው የክሎቭ ሂች ግማሽ መሆኑን በሚገልጽ ስም ይጠሩታል፤ ጣልያኖችም እንዲሁ «ግማሽ የጀልባ ሰው ቋጠሮ» ይሉታል። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ በሰው፣ አንዱ በአገር፣ ሌሎቹ በቅርጽ ሰይመውታል። ከሦስቱ አሰያየሞች ተማሪውን የሚረዳው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ክሎቭ ሂችን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ለመሥራት ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለት ገመድ የሚቀጥል አንድ ቋጠሮ አዲስ ግኝት ነው ተብሎ በእንግሊዝ ጋዜጣ ተዘግቦ፣ በአግኚው በኤድዋርድ ሀንተር ስም ተጠራ። ኋላ ግን ያው ቋጠሮ በ1950ዎቹ በአንድ የአሜሪካ የተራራ ወጪዎች መመሪያ ላይ በሌላ ስም ታትሞ ተገኘ። በሰው ስም የቆመ ስያሜ ምን ያህል እንደማያስተማምን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

3. ሁሉም ቋጠሮ ነውን?

የረቂቁ ሁለተኛ ድክመት በመጀመሪያው የተሸፈነ ነው። ረቂቁ በገመድ የሚሠራውን ሁሉ ቋጠሮ ይለዋል። እንግሊዝኛ ግን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይለያል፤ በራሱ በገመዱ ላይ የሚሠራውን፣ ገመድን ከገመድ የሚያገናኘውን፣ ገመድን ከሌላ ነገር ጋር የሚያያይዘውን። አሽሊም ይህን ልዩነት አጥብቆ ይጠብቃል።

አንዳንዶች «አማርኛ ይህን ልዩነት አያውቅም» ሊሉን ይችላሉ። በስሞች ደረጃ ብንፈልግ እውነት ይመስላል። በግሦች ደረጃ ብንፈልግ ግን ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው። እናት ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ክር ሲበጠስ ይቀጠላል። በሬ ከካስማ ላይ ይታሰራል። ጭነት በመጫኛ ይጠፈራል። ወፍ በወጥመድ ትሸመቀቃለች። «ክሩን እሰረው» ወይም «በሬውን ቋጥረው» ቢባል አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይስቃል። እንግዲህ ቋጠረ፣ ቀጠለ፣ አሰረ፣ ጠፈረ፣ ሸመቀቀ የሚሉት ግሦች እያንዳንዳቸው የገመድን ሥራ በትክክል ለይተው ይይዛሉ። ተርጓሚው ሀብቱን ያጣው በስም ክፍል ብቻ ስለፈለገው ነው።

ስለዚህ ገመድ በራሱ ላይ የሚሠራው «ቋጠሮ»፣ ገመድን ከገመድ የሚያገናኘው «መቀጠያ»፣ ገመድን ከምሰሶ፣ ከዛፍ ወይም ከካራቢነር ጋር የሚይዘው «ማሰሪያ» ተብሎ ቢለይ ከሕዝቡ አነጋገር ጋር የሚስማማ ይሆናል። አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሪፍ ኖት የተባለው ቋጠሮ የቁስል መጠቅለያን ወይም ጥቅልን ለማሰር የሚያገለግል ነው። ሁለት ገመድ ለመቀጠል ግን አደገኛ ነው፤ የገመዶቹ ውፍረት ከተለያየ ወይም አንዱ ጫፍ ከተሳበ ተገልብጦ ይንሸራተታል። አሽሊ በዚህ ነገር ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ረቂቁ ግን የዚህን ቋጠሮ ፍቺ «ሁለት ገመዶችን ለማያያዝ» ብሎ አስቀምጦታል። «ማያያዝ» የሚለው ቃል ጥቅል ማሰርንም ገመድ መቀጠልንም ስለሚሸፍን ተማሪው አደጋውን ሊያይ አይችልም። ከላይ ባሳየነው አከፋፈል «ይህ ማሰሪያ እንጂ መቀጠያ አይደለም» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ልዩነቱ ከቅርጽ ይልቅ በሥራ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላም ነገር አለ። ቦውላይንና ሺት ቤንድ በአጠላለፋቸው አንድ ናቸው። በአንድ ገመድ ሲሠራ የማይጠብቅ ቀለበት ይሆናል፤ በሁለት ገመድ ሲሠራ መቀጠያ ይሆናል። ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ሁለት፣ ስሙም ሁለት ነው።

4. ቀለበትና ሸምቀቆ

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ረቂቁ ቀለበትን ሁሉ «ሸምቀቆ» ማለቱ ነው። ሸምቀቆ በአማርኛ ሲሳብ የሚጠብቅ፣ የሚያንቅ ነው። ቦውላይን በአንጻሩ የሚመረጠው ሲሳብ ስለማይጠብቅና ጭነት ከተሸከመም በኋላ በቀላሉ ስለሚፈታ ነው። ይህን «በወገብ ላይ የሚታሰር ሸምቀቆ» ብሎ መፍታት ቃሉን በተቃራኒው መስጠት ነው።

ፍቺው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሦስት ሆነን ገመድ አምጥተን ቢሮአችን ውስጥ ሞከርነው። አንዳችን የረቂቁን ፍቺ ያነባል፤ ሁላችንም የተባለውን ብቻ፣ ያውቅነውን ሳንጨምር እንሠራለን። ፍቺው «ቀለበት ሠርቶ ጫፉን በቀለበቱ አሳልፎ መመለስ» ይላል። በምን በኩል ዞሮ እንደሚመለስ አይናገርም። የሁለታችን ገመድ ሲሳብ ተፈታ፤ የሦስተኛው ወገቡ ላይ ተሸመቀቀ። ጫፉ በቀለበቱ ውስጥ ከወጣ በኋላ በቋሚው ገመድ ጀርባ ዞሮ ወደ ቀለበቱ መመለስ እንዳለበት የሚናገር አንድ ሐረግ ቀርቷል። የጎደለችው ሐረግ ናት ወጣጩን የምትይዘው።

ሌላም መጨመር ያለበት አለ። ቦውላይን በዛሬው ባለ ሽፋን የናይለን ገመድ ላይ ጭነት ሲለቀው ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ ትርፉን ጫፍ በሌላ ቋጠሮ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያልጠቀሰ ፍቺ በባሕር ዘመን የቆመ ፍቺ ነው።

የገመዱን ክፍሎች ስም በተመለከተ አንድ ሐሳብ ለውይይት እናቀርባለን። ረቂቁ ቋጠሮ የሚሠራበትን ጫፍ «የሚሠራ ጫፍ» ብሎታል፤ የሚገባ ቢሆንም ረጅም ነው። ፈታይና ሸማኔ የልቃቂቱን ጫፍ «ውል» ይሉታል፤ «ውሉ ጠፋ» የሚለው አነጋገርም ከዚያ የመጣ ነው። ቃሉ በዛሬው የጽሑፍ ቋንቋ የስምምነት ሰነድን ብቻ እያመለከተ ሄዷል። በገመድ ሙያ ጥንተ ፍቺውን ብንመልስለት ጫፉን «ውል»፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ክፍል «ቋሚ ገመድ»፣ ሳይዞር የታጠፈውን «እጥፋት»፣ የዞረውንና የተገናኘውን «ቀለበት» ማለት እንችላለን።

5. ስለ «ድርብ» እና ስለ ስምንት ቅርጽ

«ድርብ» የሚለው ቅጽል በረቂቁ ውስጥ በብዙ ቦታ ይገኛል። ሲመረመር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ ገመዱ ታጥፎ በእጥፋቱ መቋጠሩ ነው። ሁለተኛው ውሉ ከአንድ ዙር ይልቅ ሁለት ዙር መጠምጠሙ ነው። ሦስተኛው አንድ ጊዜ የተሠራው ቋጠሮ በመጣበት መንገድ ተከትሎ መደገሙ ነው። እንግሊዝኛውም በዚህ ነገር የጠራ አይደለም፤ የባዕዱን ብዥታ ግን ወደ ቤታችን ማስገባት አይገባንም። «የታጠፈ»፣ «ሁለት ዙር»፣ «የተደገመ» ብሎ መለየት ቀላል ነው።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዛሬ ወጣጮች ራሳቸውን ከገመዱ ጋር በሚያገናኙበት ቋጠሮ ላይ ነው። ይህ ቋጠሮ በመርከበኞች ዘንድ በገመድ ጫፍ ላይ ተሠርቶ ገመዱ እንዳያመልጥ የሚያግድ ነበር። ወጣጮች ተውሰው ውሉን በወገብ ማሰሪያቸው አሳልፈው የመጀመሪያውን ቅርጽ ተከትለው ይደግሙታል። የሚወደድበት ምክንያት ባልደረባ በዓይኑ አይቶ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ስለሚችል ነው። ሥራው ግን ሁለት ደረጃ አለው፤ ሁለተኛው ከተረሳ የመጀመሪያው ምንም አይዝም። ቋጠሮን ሳይጨርሱ መውጣት የጀማሪ ብቻ ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዓለም ታላላቅ ወጣጮች አንዷ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሊን ሂል በደቡብ ፈረንሳይ ቡዩ ላይ ገመዱን በወገብ ማሰሪያዋ ካሳለፈች በኋላ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ወጣች፤ ከ20 ሜትር በላይ ወድቃ በዛፍ ምክንያት ተርፋለች። «የተደገመ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ቢገባ ስሙ ራሱ ሁለተኛውን ደረጃ ያስታውሳል። «ድርብ» ግን አያስታውስም።

የዚሁ ቋጠሮ ስም ሌላ ችግር አለበት። ረቂቁ በርእሱ «የስምንት ቁጥር ቋጠሮ» ብሎ፣ ከሥሩ «፰ ቋጠሮ» ሲል ጽፎታል። እንግሊዝኛው የሚያመለክተው 8 የሚለውን ቅርጽ ነው፤ የግእዙ ፰ ግን ከቋጠሮው ጋር ምንም መመሳሰል የለውም። ምስሉ በፊደሉ ጠፍቷል። «የተደገመ ባለ 8 ቅርጽ» ብሎ በዐረብ አኃዝ መጻፍ ይገባል።

6. በገደል ላይ ስለሚነገሩ ጥሪዎች

ከታች ሆኖ ገመዱን የሚይዘውና ከላይ ያለው ወጣጭ የሚነጋገሩባቸው ጥሪዎች አጫጭር ናቸው። ረቂቁ ገመዱ እንዲጠብቅ የሚጠየቅበትን ጥሪ «ውሰድ»፣ እንዲላላ የሚጠየቅበትን «ልቀቅ» ብሎ ተርጉሟል። «ውሰድ» ቃል በቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ምን እንደሚወሰድ አይታወቅም። «ልቀቅ» ግን ከስሕተት ያለፈ ነው። ጥቂት ገመድ እንዲሰጠው የጠየቀ ወጣጭ «ልቀቅ» ሲል ያዡ እንደተባለው ቢያደርግ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ከትርጉሙ ሌላ ድምፁም መታሰብ አለበት። «ሳብ»፣ «ያዝ»፣ «ላክ» የሚሉት ትእዛዞች ሁሉም በሁለት ተነባቢ መካከል አንድ ዓይነት አናባቢ ያላቸው አንድ ቀለም ናቸው። ነፋስ ባለበት ቦታ ከሩቅ የሚሰማው አናባቢው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። እኛ «ወጥር» እና «አርግብ» የሚሉትን እናቀርባለን። ሁለቱም ሁለት ሁለት ቀለም ያላቸው፣ በአጀማመርም በአጨራረስም የማይመሳሰሉ፣ በትርጉምም ግልጽ ተቃራኒዎች ናቸው። በአማርኛ ትእዛዝ በጾታ ስለሚለወጥ «ወጥሪ» እና «አርግቢ» የሚሉትም በዝርዝሩ አብረው መግባት አለባቸው። ረቂቁ የወንዱን ብቻ ጽፏል፤ ያዡ ሴት ልትሆን እንደምትችል አላሰበም።

7. ፍርድን የያዙ ስሞች

በሁለት ገመድ ተያይዞ ሲወረድ ገመዶቹን ለመቀጠል የሚያገለግል አንድ ቀላል ቋጠሮ በአሜሪካ ወጣጮች ዘንድ በፌዝ «የአውሮፓ የሞት ቋጠሮ» ተብሎ ነበር። ረቂቁ ይህን እንዳለ አስገብቶታል። ስሙ ከፍርሃት የተወለደ ነው። ቋጠሮው በደንብ ጠብቆ ረጅም ትርፍ ጫፍ ከተተወለት ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ነው፤ ጉብታው በአንድ ወገን ስለሚሆን ገመዱ ሲሳብ በድንጋይ ጠርዝ ላይ በቀላሉ አይያዝም። በእርግጥ አደገኛ የሆነው በባለ 8 ቅርጽ የሚሠራው ዘመዱ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት ወደ ጫፉ እየተንከባለለ ሊያልቅ ይችላል። የፌዙን ስም የተማረ ወጣት ደኅናውን ሸሽቶ ወደ አደገኛው ሊሄድ ይችላል። «ባለ አንድ ወገን መቀጠያ» የሚለው ስም ቅርጹንና ሥራውን ይናገራል፤ ፍርዱም በፍቺው ውስጥ ይጻፍ።

8. የአገሩን ባለሙያ ስለ መጠየቅ

ረቂቁ የገመድ ሙያ ከውጭ የመጣ ነገር ይመስል አንድም የአገር ውስጥ ማስረጃ አልተጠቀመም። በትግራይ የሚገኘው በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደተመሠረተ የሚታመነው የደብረ ዳሞ ገዳም መግቢያው እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ገደል ነው። ወጪው ከቆዳ የተጎነጎነውን ገመድ ጨብጦ፣ እግሩን በድንጋዩ እየረገጠ ይወጣል፤ ለእንግዳው ደግሞ ሁለተኛ ገመድ በወገቡ ታስሮለት ከላይ ሆነው መነኮሳቱ ይስቡለታል። ይህ ሁለተኛ ገመድ ወጣጮች ዛሬ «ከላይ መያዝ» የሚሉት ያው ዘዴ ነው። በዚያ አካባቢ ለገመዱ፣ ለያዡና ለጥሪው የሚነገረው ትግርኛ ቢሰበሰብ ለአማርኛውም ብርሃን ይሰጣል። በጭነት ከብት የሚሄደው ነጋዴ ከመጫኛው፣ ገበሬው ከምራኑ፣ ፈታይዋ ከልቃቂቷ ጋር ያላቸው ቃላትም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ከመጽሐፍ አልተማሩም፤ የትኛው ቋጠሮ በቶሎ እንደሚፈታ፣ የትኛው እንደሚከር ግን ጠይቀን እንማራለን።

9. ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት በአራት ነገር ቢታረም እንመክራለን። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛው ስም ክፍሎች መተርጎማቸው ቀርቶ ስያሜው በሥራና በአሠራር ላይ ይቁም። ሁለተኛ፣ ቋጠሮ፣ መቀጠያና ማሰሪያ ተለይተው ይቀመጡ፤ ቀለበትም ከሸምቀቆ ይለይ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ቃል እንደ አሽሊ ቁጥርና ሥዕል ይሰጠው፤ በሌላ አካባቢ በሌላ ስም የሚጠራ ከሆነ ቁጥሩ ያገናኛቸዋልና። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ፍቺ ቋጠሮውን ከዚህ ቀደም ላላየ ሰው በገመድ ተነቦ ይፈተን። የተነበበለት ሰው በትክክል ካልቋጠረ የተሳሳተው ሰውየው ሳይሆን ፍቺው ነው።

የመጨረሻውን ፈተና ከሁሉ በላይ የምናስቀድመው ሦስታችንም በቢሮአችን ስለወደቅንበት ነው። እኛ የወደቅነው ወለል ላይ ቆመን ነበር። የረቂቁ አንባቢዎች ግን እንደዚያ አይሆኑም።